አገልግሎት ሳይቋረጥ

መጋቢት 1 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ጂንካ

አይሮፕላኑ ዛሬ ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው ያረፈው። በመጀመሪያው ዙር ሜዳው ላይ የነበሩት ላሞች ለመነሣት ፈቃደኛ አልነበሩም። ለክሊኒካችን ይዞ የመጣው አንድ የብረት ካቢኔት፣ ሦስት ሺህ ባዶ ካርድና አንድ ደብዳቤ ነው። «የበሽተኞች መዝገብ በአዲሱ አሠራር መሠረት ተለውጦ በሁለት ወር ውስጥ እንዲጠናቀቅ፤ ይኸውም አገልግሎት ለአንድ ቀን እንኳ ሳይቋረጥ እንዲሆን።»

ኃላፊያችን ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ሁለተኛውን ቆሞ ነው።

«ገባህ ጓድ ወልደሰማያት?»

«ገብቶኛል። ሰዎቹ ከቤት ሳይወጡ፣ ዝናቡም ሳያባራ፣ የቤቱን ክዳን ቀይር ነው የሚለው።»

«ስለ ክዳን የሚል ነገር የለውም» አለና ደብዳቤውን እንደገና አየው።

እንግዲህ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት በደብረ ማርቆስ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠብቄያለሁ። እዚህ እንዴት እንደመጣሁ ለዚህ ደብተር መንገር አያስፈልግም። ፋይሌ ላይ «በራሱ ፈቃድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፋይል አይዋሽም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የአሮጌውን መዝገብ ሬሳ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። ከእኔ በፊት የነበረው ጎሳዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊደል ገና ያልተፈለሰፈ ይመስል ነበር የሚሠራው። አራት ቅርጫት አለ፤ የካኮ መንገድ፣ የወይጦ መንገድ፣ የዲመካ መንገድ፣ ከተማ። በየቅርጫቱ ውስጥ የአንድ ቤት ሰዎች ካርድ በክር አንድ ላይ ታስሯል፤ ከላይ የአባወራው፣ ከሥሩ ሚስት፣ ልጆች፣ አንዳንዴም የሚስት ወንድም። ስም በማይታወቅበት ቦታ «ባለ ጠባሳው» ይላል። አንዱ ላይ «ይኼኛው ሲያወራ ያስቃል» የሚል አለ። የሕክምና ማስረጃ ነው።

በአዲሱ አሠራር ለአንድ ሰው አንድ ካርድ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ በራሱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይደረደራል። ዓለም በሙሉ መጽሐፉን የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ጎሳዬ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ካርድ ላይ በቀይ ይጽፍ ነበር፤ «ፔኒሲሊን እንዳይወጋ፣ ወድቆ ነበር» ይላል። ቆጠርኳቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው። አዲሱ ካርድ የቀበሌም የማኅበር አባልነትም ቦታ አለው፤ ለዚህ ግን የለውም።

«ቅጹ ላይ ከሌለ የለም» አለ ኃላፊው።

«በሽተኛውስ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በጥግ በኩል በቀይ እጽፋለሁ። ሠላሳ አንድ ገብቶ ሠላሳ አንድ ይወጣል።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ዘዴ አገኘሁ። የካኮ ሰዎች የሚመጡት በአብዛኛው ቅዳሜ፣ ከገበያው ጋር ነው። ስለዚህ የካኮን ቅርጫት ከሰኞ እስከ ዓርብ እገለብጣለሁ። የሌላውም እንደየቀኑ። ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ ባለቤቱ ከመጣ በሁለቱም ላይ ይጻፋል። በአንዱ ያልተገኘ በሌላው ይፈለጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን እስከ ግንቦት መጨረሻ ይቆያሉ።

መርፌ ወጊው ድሬሰራችን ጥላሁን በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አየኝ። አምና ነው የመጣው፤ እጁ ቀላል፣ አፉ ከእጁ የቀለለ ልጅ ነው።

«ጋሼ ወልዴ፣ እግረ መንገድህን በሽተኛውንም ገልብጥልኝ። ጤነኛ ቅጂ ስጠኝ።»

«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አልኩት።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

94 ሰው። ሦስቱ ካርዳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የተመለሰ የለም። ጣቴ አብጧል። ቀይ ቀለም ሊያልቅ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ልለምን።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ክር በምላጭ እየበጠስኩ ዋልኩ። ከሥር ያሉት ካርዶች ላይ የክሩ ጉድጓድ ቀርቶባቸዋል።

የሻንቆን ቤት የፈታሁት ዛሬ ነው፤ ሰባት ካርድ ነው። ሻንቆን አውቀዋለሁ። ከካኮ ወዲያ ያለ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቴ ድረስ መጥቶ እጄን ይይዝና ስለ ከብቶቼ ሳይጠይቅ አይለቅም። ከብት እንደሌለኝ ስነግረው ፊቱ ላይ የሚታየውን ሐዘን ሌላ ሰው አሳይቶኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ምናልባት ገዝቼ ከሆነ ብሎ፣ ደግሞ ይጠይቃል።

ልጁ ኦይታ ቀይ አለበት። የዛሬ ሁለት ዓመት ለሳንባው ተወግቶ ወድቆ፣ ከሞት ነው የተመለሰ። ጥላሁን ያኔ አልነበረም። ቀዩን ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። «ኦይታ ሻንቆ»፤ አ ፊደል ውስጥ ገባ።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ሻንቆ ሳይመጣ ቀረ። አንጁሎን ጠየቅኩት። አንጁሎ ዘበኛችንም አስተርጓሚያችንም ነው፤ በእናቱ በና ነው።

«ልጁ ሊዘል ነው ጋሼ። ከብት ይሰለፋል፣ በላዩ ይሮጣል። ካልወደቀ ሚስት ያገባል።»

«ከወደቀስ?»

«ሻንቆ ልጅ አይወድቅም።» ቀጥሎም «ከዘለለ በኋላ ያ ልጅ የለም። ሌላ ሰው ነው» አለ።

ጥሩ አባባል ነው ብዬ እዚህ ጻፍኩት። እንግዲህ ጽፌዋለሁ።

ምሳ የምበላባት አስካል ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማሁ። «እንግዳዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሰው አይወዱም፤ ዝርዝር ነው የሚወዱት።» ሽሮው ውስጥ ጨው በዝቶ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

አለቀ። 2316 ካርድ። በአሮጌው ቀይ ሠላሳ አንድ፣ በአዲሱ ቀይ ሠላሳ አንድ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከታዘዘው ቀን ሦስት ሳምንት ቀድሜ።

ከክፍለ ሀገር እንግዶች ረቡዕ ይመጣሉ። ኃላፊው ቅርጫቶቹ ወደ ዕቃ ቤት ይግቡ አለ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጎን ለጎን ይቆያሉ ብዬ ነበር።

«ሁለት መዝገብ ያለው ሰው አንዱንም አያምንም ማለት ነው» አለኝ። «አታምነውም እንዴ?»

አምነዋለሁ። ቅርጫቶቹን ራሴ ተሸክሜ አስገባሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም እያፏጨሁ ነበር። ዕቃ ቤቱን የምትይዘው ሴትዮ ቆልፋ ለፋሲካ ወደ ዲመካ ሄደች።

ሚያዝያ 11፣ እሑድ፣ ፋሲካ

አስካል ዘንድ በላሁ። ብዙ በላሁ።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

አራት ሰዓት። አይሮፕላኑ አረፈ። ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

አምስት ሰዓት። «የፈለጋችሁትን ስም ጥሩ፣ በግማሽ ደቂቃ ያወጣል» አለ ኃላፊው። አምስት ስም ጠሩ። አምስቱንም አወጣሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ከካኮ አንድ ወጣት መጣ፤ ጭኑ መግል ይዟል፣ ትኩሳት አለው። ዶላሞ ሻንቆ። ደ ውስጥ የለም። አንጁሎን «ዶላሞ ካርድ አለው ወይ በለው» አልኩት። የለውም። አዲስ ካርድ ከፈትኩ፣ 2317። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ነበር፤ ፀሐይ ከኋላው ስለሆነ ፊቱ አልታየኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ልጁ ሞቷል።

ጥላሁን ፔኒሲሊኑን ከመውጋቱ በፊት ጠይቋል፤ በእኔም በአንጁሎም ፊት ነው። «ከዚህ በፊት ተወግቶ ያውቃል?» «ዶላሞ ተወግቶ አያውቅም» ብሎ አንጁሎ መለሰለት። ልጁ ወዲያው ወደቀ፤ ለዚህ የሚሆን ሁለት ብልቃጥ አድሬናሊን ነበረን። ሁለቱንም ሰጠው። ከዚያ በኋላ ደረቱን ሲጫን የነበረው ሰው ጥላሁን መሆኑን ማመን ያቅታል፤ አንድም ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

እንግዶቹ በዘጠኝ ሰዓት በረሩ። ከመሄዳቸው በፊት ማስታወሻ ይዘዋል።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

አንጁሎ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ልጁን ታውቀው ነበር?»

«አውቀዋለሁ። ሻንቆ ልጅ ነው። ባለፈው ወር የዘለለው።»

«ታዲያ ካርድ የለውም አልከኝ!»

«አንተ ‹ዶላሞ ካርድ አለው ወይ› አልክ። ጠየቅሁት፤ የለውም አለ። እውነት ነው። ዶላሞ የሚባል ሰው አንድ ወር አልሞላውም፤ ከየት ካርድ ያመጣል?» ድምፁ ከፍ አለ። «ስለ ልጁ ብትጠይቀኝ ስለ ልጁ እነግርህ ነበር። የድሮ ስሙን ሰው ፊት መጥራት ደግሞ ነውር ነው። ጎሳዬ ቢሆን ስም አይጠይቅም። ‹የማን ቤት ነህ?› ነው የሚለው።»

ገባሁና አ ፊደልን ሳብኩ። ወዲያው ተገኘ። «ኦይታ ሻንቆ።» ቀዩ አለ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ጽሑፌ ያምራል።

ምንም አልጠፋም። ይህን ነው ማለት የምፈልገው፤ አንድም ነገር አልጠፋም።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

ጥላሁንን ወሰዱት። «ግድየለሽነት» ብለው ጀምረው እስከ ምሳ ድረስ «አሻጥር» ደርሷል። የኦይታ ካርድ እዚህ ደብተር ውስጥ ነው። ሰኞ ለኃላፊው እሰጣለሁ።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

ኃላፊው ሥራ በዝቶበት ነበር።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ዝናብ።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ካርዱ ቢወጣ ጥላሁንን አይጠቅመውም ይሆናል። ይጎዳውም ይሆናል፤ ካርዱ እያለ ወጋ ይላሉ። ይህን ሐሳብ ሦስት ቀን አገላበጥኩት። ከምንም ጎኑ ባየው እኔን ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ለጥላሁን እስር ቤት ምግብ ይዤ ሄድኩ። ከስቷል። አስካል የላከችውን ዳቦ ይዞ ሳይበላ ቆየ።

«ጋሼ፣ ልጁ ዓይኑ ዓይኔ ላይ እያለ ነው የሄደው። ‹አሁን ይሻልሃል› እያልኩት ነበር እኮ።»



«አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። ካርድ የለውም አላልከኝም? ብለሃል። ፈልገህ አጣህ፤ ያንን ብቻ። አንተን ያምኑሃል። የአንተ ካርድ ክፍል ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ብለው ነው የሚያወሩት።»

«እናገራለሁ» አልኩት።

ሊቀልድ ሞከረ። «ጤነኛ ቅጂ ብትሰጠኝ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቤት ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህንንም ልጻፈው፤ ወሰደኝ።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ሚያዝያ 14 ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ። «ፀሐይ ከኋላው ስለሆነ ፊቱ አልታየኝም» ይላል። በዚያ በር በስድስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ አትገባም። ፀሐይ አናት ላይ ናት።

ሻንቆ ነበር። አይቼዋለሁ። እጁን ዘርግቶ ወደ መስኮቱ ሊመጣ ሲል እኔ ፊቴን ወደ ካቢኔቱ አዞርኩ፤ እንግዶች ፊት ስለ ከብቶቼ እንዳይጠይቀኝ። ልጁም የእርሱ መሆኑን አውቄ ነበር፤ «ሻንቆ» ብዬ በእጄ ጻፍኩት አይደል? የሻንቆ ቤት ሰባት ካርድ እንደሆነም፣ አንዱ ቀይ እንዳለበትም አውቅ ነበር። በሐሳቤ ጥግ አንድ ነገር ተነሣ። ቁልፉ ዲመካ ነው፤ ሰውየውም ሰዓቱን ያያል። በራሴ ሥራ ያልተገኘን ካርድ እዚያው ፊታቸው በሌላ መንገድ ልፈልግ ማለት አፈርኩ።

አጣሁት አይባልም። መፈለግ አቆምኩ ነው የሚባለው።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ካርዱን ሰጠሁ። ጉዳዩን የሚመረምረው ኮሚቴ አምስት ሰው ነው፤ ኃላፊው በቀኝ። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ ኦይታ ሻንቆ፣ ዶላሞ ሻንቆ። ጥላሁን እንደጠየቀ፣ የለውም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ቅርጫቱን የተሸከምኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አባቱን አይቼ እንደነበርም። ይህኛውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«ይህ ካርድ ጠፍቶ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ።

«ልክ ነህ። ችግሩ አለመጥፋቱ ነው።»

አንጁሎንም ጠርተው ጠየቁት። ስለ ስሙ አስረዳ። አንዱ የኮሚቴ አባል «ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው» ብሎ አስጻፈ። አንጁሎ «ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁትም?» አለ። ይህ አልተጻፈም።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ጥላሁን ተፈታ። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ወዴት እንደምዛወር እስኪወሰን ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። እንደ እኔ በራሱ ፈቃድ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ መሆኑ ነው።

ጥላሁን ዛሬ በመስኮቱ አለፈ። አንገቱን አላስገባም። «ደህና አደሩ» አለኝ። እስከ ዛሬ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ሪፖርቱ ለፊርማ መጣልኝ። «መዝገቡ በተያዘለት ጊዜ ተለውጦ ተጠናቋል። በለውጡ ጊዜ አገልግሎት አልተቋረጠም። የተመለሰ በሽተኛ የለም።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሦስት ጊዜ አንብቤ የማርመው አጣሁ። ፈረምኩ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ሻንቆ መጣ።

አሥር ዓመት የሚሆናት ሴት ልጁን ይዟል፤ ጆሮዋ መግል ያወጣል። መስኮቴ ድረስ መጣና ቆመ። እጁን አልሰጠኝም። ስለ ከብትም አልጠየቀኝም።

ብዕሬን አነሣሁ። ስሟ ማን ነው ልል ነበር፤ «የማን ቤት…» ብዬ ጀመርኩና ያንንም መጨረስ አፈርኩ። የማን ቤት እንደሆነች አውቃለሁ።

ሻንቆ ወደ አንጁሎ ዞሮ ብዙ ተናገረ።

«ይጻፍ ነው የሚለው» አለ አንጁሎ።

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ሻንቆ ራሱ በአማርኛ «አንተ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። እናቷ የምትጠራት ስም ዱካ ነው። እርሱ የሚጠራት ሌላ ነው። አግብታ ስትሄድ የሚጠሯት ደግሞ ሌላ ይሆናል፤ ይህን ገና ማንም አያውቀውም፤ ቦታ ተውለት አለኝ፤ ተውኩለት። የእናቷ አባት፣ የእናቷ ወንድም፣ ከብታቸው ውኃ የሚጠጣበት ወንዝ። ካርዱ ለስም ያለው አንድ መስመር ነው፤ ጀርባውን ገለበጥኩት። ወንድሟ ብሎ ሁለቱን ስም ተራ በተራ ነገረኝ። የፊተኛውን ሲል አንጁሎ መሬት መሬት አየ። እኔ ጻፍኩ።

ከዚያ ሻንቆ ካርዱን ሳይሆን እኔን እያየ ተናገረ፤ አንጁሎ ቃል በቃል አስተረጎመ።

«ስሙን በመለወጡ ነው የሞተው አሉኝ። እኛ ስም እንለውጣለን። አባቴ ለውጧል። እኔ ለውጫለሁ። ማንም በዚህ አልሞተም። እናንተ ምንድን ነው የለወጣችሁት?»

 

ጥላሁን ከውስጥ ወጥቶ በሩ ጋ ቆሟል፤ ትሪው በእጁ ነው። ልጅቷን አልጠራም። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ እስከ አጥሩ ደርሷል፤ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዲት ሴት «ዛሬ ምን ነካቸው?» አለች። ኃላፊው ከቢሮው ብቅ አለ።

«ምንድን ነው? ለምን ቆመ?»

«አገልግሎት ተቋርጧል» አልኩት።

ሻንቆ ጣቱን የጻፍኩት ላይ አሳረፈ። ማንበብ አይችልም፤ ግን የት እንደሚጀምር ያውቃል።

«አንብብ» አለኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።